ኮምፒውተሬ አልተኛም አለ፦ ስለ ስሊፕና ስለ መሣሪያ ድራይቨሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከዳንግላ ኮምፒውተር ይዘው ወደ ጥገና የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ቀርበዋል።

ስሊፕ ስለው ኮምፒውተሩ በትክክል ምን ያደርጋል?

የከፈቷቸው ፋይሎችና ፕሮግራሞች ሁሉ ሚሞሪው ላይ እንዳሉ ይቆያሉ። ሚሞሪው ብቻ ጥቂት ኤሌክትሪክ እያገኘ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ሃርድ ዲስኩና ማራገቢያው ይቆማሉ። ሲቀሰቅሱት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሀይበርኔት ደግሞ የሚሞሪውን ይዘት ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ለመነሳት ትንሽ ይዘገያል፣ ነገር ግን መብራት ቢጠፋ የሚጠፋ ሥራ የለም።

ደረጃዎቹ የተደነገጉት ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለ ደንብ ነው። በዚያ አጠራር ተራው ስሊፕ ኤስ3፣ ሀይበርኔት ኤስ4፣ መዝጋት ደግሞ ኤስ5 ይባላሉ። ስሞቹን ይያዙልኝ፤ ከታች ያስፈልጉናል።

አንድ ፕሪንተር ወይም ሞደም ሙሉ ኮምፒውተር እንዳይተኛ እንዴት ያደርጋል?

ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ኮምፒውተሩን ከማስተኛቱ በፊት የየመሣሪያውን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ በተራ ይጠራል። «የጀመርከውን ጨርስ፣ ያለህበትን ሁኔታ መዝግብ፣ መሣሪያህን አጥፋ» ይለዋል። ተራው ከዳር ወደ መሐል ነው፦ መጀመሪያ የተሰካው ፍላሽ፣ ቀጥሎ ፍላሹ የተሰካበት የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ፣ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲነሳ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ከድራይቨሮቹ አንዱ መልስ ካልሰጠ ቀሪው ሁሉ ይቆማል። የሠርግ ቤት ባለቤት የመጨረሻው እንግዳ ሳይሸኝ በሩን ዘግቶ እንደማይተኛው ነው።

ርካሽ መሣሪያዎች ላይ ይህ ለምን ይበዛል ቢሉኝ መልሴ ቀላል ነው፦ ድራይቨሩን የጻፈው ድርጅት ፕሪንተሩ ማተሙን፣ ስካነሩ ማንበቡን አይቶ ሥራውን ጨርሻለሁ ብሏል። መሣሪያው ተኝቶ ሲነሳ ምን እንደሚሆን መፈተን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ገዢውም ሲገዛ አይጠይቅም።

ችግሩ ከድራይቨር መሆኑን በምን ልለይ?

መጀመሪያ የችግሩን መልክ ይለዩ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራምና። ኮምፒውተሩን ትተውት ሲሄዱ በተወሰነለት ደቂቃ አይተኛም፣ ስሊፕ የሚለውን ራስዎ ሲጫኑ ግን በደንብ ይተኛል? እንግዲያው አንድ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር «ሥራ ላይ ነኝ፣ አታስተኛኝ» የሚል ጥያቄ አስመዝግቧል ማለት ነው። ይተኛና ወዲያው ወይም ሌሊት ላይ ብድግ ይላል? የመቀስቀስ ፈቃድ የተሰጠው መሣሪያ አለ። ሲያስተኙት ስክሪኑ ይጨልምና መብራቱና ማራገቢያው እንደበራ ይቀራል፣ ቁልፍ ቢነኩም አይመልስም? ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ አንድ ድራይቨር መሐል ላይ ተንጠልጥሏል።

አራተኛም መልክ አለ፤ ተኝቶ ይነሳል፣ ዋይፋዩ ወይም ድምፁ ግን አብሮት አይነሳም። እዚህ ላይ ድራይቨሩ መተኛቱን ችሎ መነሳቱን ያልቻለ ነው።

በየትኛው መሣሪያ ልጀምር?

በሁሉም። ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ፤ ከኪቦርድና ከማውዝ በቀር የተሰካውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ከዚያ ሪስታርት ያድርጉ። ሪስታርት ያልኩት አውቄ ነው፤ ዘግቶ መክፈት የማይበቃበትን ምክንያት ከታች አነሳዋለሁ። አሁን ያስተኙት። በደንብ ከተኛና ከተነሳ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ፣ በየመሐሉ እያስተኙ ይፈትኑ። ወዲያው አስተኝቶ ወዲያው መቀስቀስ ሁልጊዜ አይበቃም፤ ጥቂት ደቂቃ ተኝቶ ሲቆይ ብቻ የሚታይ ችግር አለ።

ጥፋተኛውን ሲያገኙት ከመፍረድዎ በፊት ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰኩት። በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ከነበረ በቀጥታ፣ ከሲፒዩው ፊት ለፊት ከነበረ በጀርባ በኩል ይሞክሩት። ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ይልቅ ማከፋፈያው ነው የሚያጠፋው። ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ማከፋፈያዎች ይህን ስም ያለ ምክንያት አላተረፉም።

ሁሉም ተነቅሎ ችግሩ ካልጠፋ ውስጥ ያሉት ቀርተዋል፦ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ድምፅ፣ የኔትወርክ ካርድ፣ ካሜራ። ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ መሣሪያዎች የተዘረዘሩበት የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ገብተው አንዱን በቀኝ ጠቅ አድርገው ዲስኤብል ይበሉት፣ ያስተኙት፣ መልሰው ኢኔብል ያድርጉትና ወደሚቀጥለው ይለፉ። የግራፊክስ ካርዱን ግን በዚህ መንገድ አይንኩት፤ እሱ ከጠፋ ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ይጠፋል።

እየነቀሉ ከመሰካት የሚያድን ነገር የለም? ዊንዶውስ ራሱ አይነግረኝም?

ይነግርዎታል። በመፈለጊያው ሳጥን ሲኤምዲ ብለው ይጻፉ፤ በሚወጣው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወርሲኤፍጂ ብለው ይጻፉ። ፊደሎቹ ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ናቸው። አንድ ቦታ ይዝለሉ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለውን ስላሽ ያድርጉ፣ ሪኩዌስትስ የሚለውን ቃል በብዙ ቁጥር አስከትለው ኢንተር ይጫኑ። ዲስፕሌይ፣ ሲስተም እያለ በየርዕሱ ይዘረዝራል። በየርዕሱ ሥር «ነን» ካለ የሚከለክል የለም። «ድራይቨር» ብሎ ስም ካወጣ ሰውዎን አገኙት።

እዚህ በብዛት የሚወጡት ሦስት ናቸው። አንዱ የድምፅ ካርዱ ድራይቨር ነው፤ የድምፅ ፍሰት በሥራ ላይ ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የድራይቨሩ ሳይሆን ተከፍቶ የተረሳ የብራውዘር ገጽ ወይም ማይክሮፎኑን የያዘ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ኤስአርቪኔት የሚባለው ነው፤ ሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ በኩል የእርስዎን ፋይል ወይም ፕሪንተር እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። አንድ ፕሪንተር ለአምስት ጠረጴዛ በሚያገለግልበት ቢሮ ውስጥ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሥራ ነው፤ ፕሪንተሩን የሚያካፍለው ኮምፒውተር እንዳይተኛ ተደርጎ ቢቀመጥ ይሻላል። ሦስተኛው «ሌጋሲ ከርነል ኮለር» የሚል ነው። በአሮጌው መንገድ የተጻፈ ድራይቨር ስሙን ሳይናገር ኮምፒውተሩን ነቅቶ እንዲቆይ ማድረጉን ያሳያል፤ የውጭ ድምፅ ካርድና የቴሌቪዥን መቀበያ ካርድ ካለዎት ከእነሱ ይጀምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህ ዝርዝር የሚያሳየው ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ እንዳይተኛ የሚከለክሉትን ብቻ ነው። ራስዎ ስሊፕ ሲሉት የሚንጠለጠል ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ ስለሆነ ድራይቨሮቹ ነጻ ናቸው ብለው አይደምድሙ።

ሌሊት ማንም ሳይነካው ይነሳል። ምንድን ነው?

ከዚያው መስኮት ሳይወጡ ፓወርሲኤፍጂ ብለው፣ ከስላሹ በኋላ ላስትዌክ የሚለውን አንድ ላይ ይጻፉ። መጨረሻ የቀሰቀሰውን ይነግርዎታል። በላስትዌክ ፋንታ ዲቫይስኩዌሪ ብለው፣ ቦታ ዝለው ዌክ እና አርምድ የሚሉትን በታችኛው ሰረዝ አያይዘው ከጻፉ ደግሞ የመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ይዘረዝራል። የማይፈልጉትን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ይፈልጉት፤ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፓወር ማኔጅመንት ገብተው ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ።

ከዝርዝሩ አናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማውዝ ይገኛል። ቢሮዎ ከዋናው የአዲስ አበባ ባሕር ዳር መንገድ ዳር ከሆነ የከባድ መኪና ንዝረት ጠረጴዛውን ነቅነቅ ሲያደርገው ማውዙ የተነካ ይመስለዋል። የማውዙን ፈቃድ አንስተው ለኪቦርዱ ብቻ ይተዉት። የኔትወርክ ካርዱም ላይ «ማጂክ ፓኬት» (ኮምፒውተር ለመቀስቀስ ተብሎ በኔትወርክ የሚላክ መልእክት) ብቻ እንዲቀሰቅሰው የሚለውን ምርጫ ያብሩ፤ አለዚያ በኔትወርኩ የሚያልፈው ተራ መልእክት ሁሉ ሊያስነሳው ይችላል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚነሳ ከሆነ ግን ድራይቨሩን ይተዉት። ዊንዶውስ ራሱን የሚጠግንበት የተለመደ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ኤኤም ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 መሆኑ ነው። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ኦቶማቲክ ሜንተናንስ የሚለውን ፈልገው እንዳይቀሰቅስ ማድረግ ይቻላል።

የኢንተርኔት ዶንግል ሲሰካ ብቻ አይተኛም፤ ከተኛም ሲነሳ ዶንግሉን አያየውም። ለምን?

ዛሬ አብዛኛው ሰው በስልኩ ሆትስፖት ቢጠቀምም ዶንግሉ ገና ከቢሮ ጠረጴዛ አልወረደም። ብዙዎቹ ዶንግሎች ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ አድርገው ነው የሚያቀርቡት፤ ውስጡ ያለው ፕሮግራም እንዲጫን። ከዚያ ፕሮግራሙ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ወደ ሞደምነት ይለወጣሉ። ኮምፒውተሩ ሲተኛ የዩኤስቢው ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ዶንግሉ እንደገና ሲዲ ሆኖ ይነሳል፤ ድራይቨሩ ግን የተወውን ሞደም ይፈልጋል። ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ከማስተኛትዎ በፊት ግንኙነቱን ያቋርጡ፣ ፕሮግራሙንም ከታች ከሰዓቱ አጠገብ ካለው ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ ይውጡ። መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ከጀርባ ሆኖ መስመሩን ይዞ ይቀራል። ሌላው መንገድ ዶንግሉን ነቅሎ ማስተኛት ነው። እኔን ከጠየቁኝ በስልክ ሆትስፖት ተጠቅሞ ያንን ፕሮግራም ከነድራይቨሩ ማራገፍ ከሁሉም ይሻላል።

ፕሪንተሩስ?

መጀመሪያ የሕትመት ወረፋውን ይመልከቱ። ወረቀት አልቆ ወይም ፕሪንተሩ ጠፍቶ የተንጠለጠለ ሥራ ካለ ይሰርዙት። ከዚያ የፕሪንተሩን ድራይቨር ብቻ አስቀርተው አብረውት የተጫኑትን የቀለም መጠን ተቆጣጣሪ፣ የስካን አዝራር ጠባቂ፣ የማሻሻያ ጠያቂ ያራግፏቸው። ለማተም አያስፈልጉም፤ ችግር የሚያመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ጥገና ቤት ፎርማት ይደረግ አሉኝ። ልስማማ?

አይስማሙ፤ ቢያንስ ገና። የእኛ ሙያ ትልቁ ስንፍና ይህ ነው፦ ቫይረስ ቢሆን ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት፣ አልተኛም ቢል ፎርማት። ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ከዚያ ያው ሰው ከያው ፍላሽ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ይጭንበታል። ችግሩም ፕሪንተሩ በተሰካ ማግስት ይመለሳል። በመሐል የጠፋው የሦስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት ወይም የደንበኞች ፎቶ ነው።

የባሰው ደግሞ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ ከሚጭኑት ፕሮግራሞች ይመጣል። እነዚህ ፕሮግራሞች ለመሣሪያው የሚስማማ የሚመስላቸውን ነው የሚጭኑት። ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ለዚያ ሞዴል ያስተካከለውን ድራይቨር አይደለም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ እንቅልፉ ይበላሻል። ትክክለኛው መንገድ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አይቶ ከሠሪው ድርጅት ገጽ ማውረድ ነው። መጀመሪያ ቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፖች)፣ ቀጥሎ ግራፊክሱን፣ ከዚያ ኔትወርኩንና ድምፁን ይጫኑ። ዳታው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቺፕሴቱና የኔትወርኩ ድራይቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግራፊክሱ ያነሱ ናቸው።

ፎርማት ካስደረግሁ በኋላ ስሊፕ የሚለው ምርጫ ራሱ ጠፋ። የት ሄደ?

ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ይክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኙ የግራፊክሱ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ይህ ጊዜያዊ ድራይቨር ምስል ከማሳየት ያለፈ ስለማይችል ዊንዶውስ ስሊፕን ይደብቀዋል። ትክክለኛውን ሲጭኑ ይመለሳል። ፓወርሲኤፍጂ ብለው ከስላሹ በኋላ ኤ ብቻ ቢጽፉ የትኞቹ የእንቅልፍ ደረጃዎች እንደሚሠሩና የማይሠሩት በማን ምክንያት እንደሆነ ይዘረዝርልዎታል።

ዘግቼ ከፈትሁት፤ ምንም አልተለወጠም።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሸት ዳውን» ማለት እንደ ድሮው ሙሉ መዝጋት አይደለም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ሲበራ ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የራሱን እምብርትና ድራይቨሮቹን ግን በሀይበርኔት መልክ ዲስክ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሲከፍቱት የተበላሸውን ድራይቨር ከነብልሽቱ ይመልሰዋል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ድራይቨር በለወጡ ቁጥር ሪስታርት ያድርጉ፤ ወይም ሺፍት ቁልፉን ተጭነው ይዘው ሸት ዳውን ይበሉ።

ድራይቨሩን አዘምን ተብዬ ባዘምነው ባሰበት።

ይመልሱት። ዲቫይስ ማኔጀር፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ «ሮል ባክ ድራይቨር»። ምርጫው ደብዝዞ ካገኙት የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም፤ ከሠሪው ገጽ የቆየውን አውርደው መጫን ይኖርብዎታል። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ በተለይ ዕድሜው በገፋ ላፕቶፕ ላይ።

ባዮስን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም፣ ማዘመንም አንዳንድ ጊዜ የእንቅልፍ ችግር ይፈታል። ነገር ግን በመሐል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ብቻ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ከሌለ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ዴስክቶፕ ተኝቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሥራዬ ይጠፋል?

ተራ ስሊፕ ከሆነ አዎ፤ ሚሞሪው ኤሌክትሪክ ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ለዚህ የተበጀው ሀይብሪድ ስሊፕ ነው። ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ግን አስቀድሞ የሚሞሪውን ግልባጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። መብራት ካልጠፋ በፍጥነት ይነሳል፤ ከጠፋ ከዲስኩ ይነሳል። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ በስሊፕ ሥር ይገኛል፤ በዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩት የበራ ነው። ለእኛ አካባቢ ከዚህ የሚስማማ ቅንብር የለም።

ዩፒኤስዎ የዩኤስቢ ገመድ ካለው ይሰኩት። ዊንዶውስ እንደ ባትሪ ያየዋል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሀይበርኔት እንዲያደርግ ማዘዝ ይችላሉ። ስሊፕ እንዲያደርግ አያዙት፤ ዩፒኤሱ ሲሞት አብሮት ይሞታልና። ከዚህ በኋላም የእንቅልፍ ፈተናውን አንዴ ይድገሙት፤ ዩፒኤሱም በዩኤስቢ ሲሰካ እንደ ሌላው መሣሪያ የራሱ ድራይቨር አለው።

ከእንቅልፍ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ኪቦርዱ ግን ይበራል።

ካፕስ ሎክን ይጫኑ። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ ያልነቃው ግራፊክሱ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን በአንድ ላይ ይጫኑ። ይህ የግራፊክሱን ድራይቨር ብቻ እንደገና ያስጀምራል፤ ክፍት ፋይሎችዎ አይነኩም። ካፕስ ሎኩም ካልመለሰ የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ከመያዝ በቀር ምርጫ የለም።

ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ይህ ይበዛል። የሁለቱንም ድራይቨር ከላፕቶፑ ሠሪ ገጽ ያውርዱ። ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ተሰክቶ ከነበረ ነቅለው ይሞክሩ።

ሲያስተኛ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፤ «ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር» ይላል።

ይህ መልእክት የሚመስለውን ያህል ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም ግልጹ ነው። ቁጥሩ 9ኤፍ ነው። ዊንዶውስ አንድን ድራይቨር መሣሪያህን አጥፋ ወይም አብራ ብሎ አዝዞ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ መልስ አጥቶ ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። ዊንዶውስ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ በሚባል ቦታ የአደጋው መዝገብ ይቀራል፤ ዊንዲቢጂ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ይከፈታል።

መዝገቡን ለማንበብ ቀላል የሆኑ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ግን ይጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ በጥፋተኝነት የሚያወጡት የዊንዶውስን እምብርት ስም ነው። እሱ የከሰሰው እንጂ የተከሰሰው አይደለም። ይህን አይቶ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት» የሚል ባለሙያ ቢገጥምዎ ኮምፒውተርዎን ይዘው ይውጡ። ከኋላው ያለውን የመሣሪያ ድራይቨር ስም ነው መፈለግ ያለበት። ከልምዴ ስሙ ብዙ ጊዜ የዋይፋይ፣ የብሉቱዝ ወይም የግራፊክስ ሆኖ ይገኛል።

ላፕቶፔን አስተኝቼ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ ስደርስ ግሎ ባትሪውም አልቆ ነበር። ድራይቨር ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ላፕቶፑ የትኛውን እንቅልፍ እንደሚተኛ ይወቁ። አዳዲሶቹ ኤስ3ን ትተው «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባለውን ይጠቀማሉ። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩ በእውነት አይተኛም፤ እንደ ስልክ ስክሪኑን አጥፍቶ በጣም ዝቅ ባለ ኃይል ይቆያል፤ አልፎ አልፎም ነቅቶ ኢንተርኔት ይመለከታል። አንድ ድራይቨር መሣሪያው እንዳያርፍ ካደረገ ግን መላው ላፕቶፕ ዝቅ ወዳለው ኃይል አይወርድም፤ ተዘግቶ በቦርሳ ውስጥ ይሠራል። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ከውጭም ይጨመርበታል።

ፓወርሲኤፍጂ ብለው ከስላሹ በኋላ ስሊፕስተዲ የሚለውን አንድ ላይ ይጻፉ። በብራውዘር የሚከፈት ዘገባ ይወጣል፤ በየእንቅልፉ ኃይል የበላውን መሣሪያ በስም ይዘረዝራል። እስኪስተካከል ድረስ ለመንገድ ሀይበርኔት ያድርጉት። ክዳኑ ሲዘጋ ሀይበርኔት እንዲሆን ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማዘዝ ይቻላል። አንዳንድ የቲንክፓድ ሞዴሎች ባዮሳቸው ውስጥ የእንቅልፉን ዓይነት መቀየሪያ አላቸው፤ ሊኑክስ የሚለው ሲመረጥ ወደ ኤስ3 ይመልሳቸዋል። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ግን ይህን መቀየር ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል አልመክርም።

ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። ሊኑክስ ላይስ?

ሊኑክስ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። አንድ ድራይቨር አልተኛም ካለ መላውን ሂደት ሰርዞ ወደ ስክሪኑ ይመልስዎታል፤ ምክንያቱንም ይመዘግባል። ተርሚናል ከፍተው በሱዶ ዲሜሰግ ይበሉ፤ ፊደሎቹ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ናቸው። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች ውስጥ ፒኤም ብለው የሚጀምሩትን ያንብቡ፤ እምቢ ያለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ በስሙ አለ። ሂደቶችን ማቆም ከ20 ሰከንድ በኋላ አልተሳካም የሚል ካገኙ ግን ጥፋቱ ከድራይቨር በፊት ነው፤ በኔትወርክ የተያያዘ ፎልደር ወይም የተንጠለጠለ ፕሮግራም ይፈልጉ።

ኮምፒውተሩ ተንጠልጥሎ መዝገቡን ማንበብ ካልተቻለ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። በሲስ ፎልደር፣ በፓወር ሥር ያለው ፒኤም ቴስት የተባለው ፋይል እንቅልፉን በከፊል ለመሞከር ያስችላል። ዲቫይስስ የሚለውን ቃል ጽፈውበት ሲያስተኙት ድራይቨሮቹን ብቻ አስተኝቶ 5 ሰከንድ ቆይቶ ያነሳቸዋል። እዚህ ላይ ከተሰናከለ ጥፋቱ የድራይቨር መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለተኛው ፒኤም ትሬስ ነው። የተሰናከለበትን ቦታ በማዘርቦርዱ ሰዓት ውስጥ ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ቀኑና ዓመቱ ተዛብቶ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ያነበቡት ሰዓት ሳይሆን ምልክት ነው።

መሣሪያው አሮጌ ነው፤ ሠሪው ድርጅት አዲስ ድራይቨር ማውጣት አቁሟል። ምን ላድርግ?

ብዙዎች ለዊንዶውስ 7 የተጻፈ ድራይቨር በዊንዶውስ 10 ላይ አስገድደው ጭነው ሲጠቀሙ ኖረዋል። የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ሲሸጋገሩ ችግሩ አብሯቸው ይሄዳል። ሀይበርኔት ያድነኛል ብለው አይቁጠሩ። እሱም ከመጥፋቱ በፊት ድራይቨሮቹን በተራ ስለሚያስተኛ እምቢተኛው እዚያም ሊያስቸግር ይችላል።

የሚሠራው ዘዴ መሣሪያውን ከእንቅልፉ በፊት ከመንገድ ማስወጣት ነው። ስካነር ወይም የጣት አሻራ ማንበቢያ ከሆነ በየቀዳዳው ማብሪያና ማጥፊያ ባለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩት፤ ከማስተኛትዎ በፊት የእሱን ቁልፍ ብቻ ያጥፉ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ኢጀክት ሳያደርጉ ቁልፉን አይንኩ። ውስጥ ያለ ካርድ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ዲስኤብል ያድርጉት፤ በፈለጉት ሰዓት መልሰው ያበሩታል። ሠራተኛው ይህን ሁሉ ያስታውሳል ብለው ካላመኑ ያንን ኮምፒውተር ከስሊፕ ነጻ አውጥተው በ5 ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ብቻ እንዲጠፋ፣ ማታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ያድርጉ።